ስምንተኛው ድርሻ

መብራቱ ዛሬ የሚመጣም አይመስለኝ። ሻማውንም አጥፊው አስረበብ፣ ለጠዋት ጥናት ይቆየን። ጠጋ ጠጋ በሉ። ሰፊ፣ እግርሽን ከበሩ አርቂው። አይ፣ ምንም የለም። ዝም ብለሽ አርቂው።

አምና ቢሆን እኔ ሰው ፊት አፌን አልከፍትም ነበር፣ ታውቃላችሁ። ቲቸር ስሜን ሲጠራ "አቤት" እንኳን ጉሮሮዬ ላይ ትቀር ነበር። ዘንድሮ ግን ክፍል ውስጥ ቀድማ እጇን የምታወጣው ማን ናት? እኔ ነኛ። ስለዚህ ዛሬ እኔ ልናገር። ግን እየፈራሁ ነው የምነግራችሁ፣ እሺ? ድምፄ ከተንቀጠቀጠ እንዳትስቁብኝ።

"ተረት ተረት" አልልም። እናንተም "የላም በረት" እንዳትሉኝ። ተረት አይደለማ። ይሄ ነገር የሚወራው ዝናብ ሊጀምር ሲል ነው። ስሙት፣ ጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ እያለ ነው።

ድሮ ነው። በጣም ድሮ። የአገሩን ስም አልነግራችሁም፤ እናቴም ስትነግረኝ አልነገረችኝም፣ "ስሙ ማታ አይጠራም" ነው ያለችኝ።

ሰዓቱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይ ገብታለች፣ ጨረቃ አልወጣችም። ወሩ ሰኔ ነው፣ ዝናብ ይወርዳል። አንድ ሰው በቀጭን መንገድ ብቻውን ይሄዳል። በግራው ማሳ ነው፣ በቀኙ ቦይ ነው። ማሳው ጥቁር፣ ቦዩ ጥቁር፣ ሰማዩ ጥቁር። በእጁ ዘንግ ይዟል። ዘንጉን ድንጋይ ላይ መታ። ጡግ። ትንሽ ቆየ። ከወዲያ ማዶ፣ ከቦዩ ማዶ፣ ሌላ ዘንግ መታ።

ጡግ።

ማዶ ማን አለ? ማንም የለም። ማንም ሊኖር አይችልም።

ሰውየው እንዳላማው ይባላል። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጨለማ፣ ብቻውን ምን ይሠራል? ቆይ፣ ልነግራችሁ አይደል። መጀመሪያ ግን ቦዩን ልንገራችሁ። ቦዩን ካላወቃችሁ አትፈሩም።

ያ አገር ሜዳ ነው፤ አፈሩ ዋልካ ነው። ዋልካ ታውቁ የለ? ጥቁሩ አፈር፣ በበጋ ተሰንጥቆ እግር የሚውጠው፣ በክረምት ጫማ የሚነጥቀው። ዋልካ ውሃ አይጠጣም። ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል፣ እህሉ ከሥሩ ይበሰብሳል። ከሜዳው በላይ ደግሞ ተራራ አለ። ክረምት ሲገባ የተራራው ውሃ ሁሉ የሚመጣው ወደ ሜዳው ነው። ታዲያ ሰዎቹ ምን አደረጉ? ከተራራው ሥር እስከ ወንዙ ድረስ አንድ ትልቅ ቦይ ቆፈሩ። ቦዩን ለአስራ ሁለት ቤት በዘንግ ለክተው አካፈሉት። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ድርሻ። በድርሻና በድርሻ መሀል የወሰን ድንጋይ አለ። ግንቦት ሲያልቅ ሁሉም የየራሱን ድርሻ ይጠርጋል፤ ደለሉን ያወጣል፣ ሳሩን ይነቅላል።

የቦዩ አዛዥ የውሃ አባት ይባላል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ የውሃ አባት ዘንጉን ይዞ ከላይ ይነሳል። አስራ ሁለቱም ሰዎች አካፋቸውን ይዘው በየድርሻቸው ይቆማሉ። እሱ ድንጋዩን ይመታል። ጡግ። ከዚያ ይጠይቃል።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ ነው!"

"ያሳልፋል?"

"ያሳልፋል!"

ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እስከ ወንዙ ድረስ እንዲሁ ነው።

ያልጠረገ ሰው ቢኖርስ? አሞት ሊሆን ይችላል፣ ሰንፎ ሊሆን ይችላል። "አያሳልፍም!" ይላል። በቃ። "አያሳልፍም" ማለት ነውር አልነበረም፣ ልብ በሉ። አስራ አንዱም ሮጠው ይመጣሉ፣ እየቀለዱበት ይቆፍሩለታል። "ምነው፣ ሚስትህ እሹሩሩ ስትልህ ነው የከረመችው?" ይሉታል። ይስቃሉ። ውሃው ያልፋል። ሁሉም ቤቱ ይገባል። ነውሩ ምን ነበር? መዋሸት ነበር። ምክንያቱም ውሃ ሲመጣ ጨለማ ነው፣ የውሃ አባት ቦዩን በዓይኑ አያይም። የሚያየው በሰው ቃል ነው።

ስምንተኛው ድርሻ የእንዳላማው ነበር። ዘጠነኛው የእትዬ ደብሬ። እትዬ ደብሬ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ ሦስት ልጆች አሏት። ቤቷ ከስምንተኛው ድርሻ ግርጌ፣ ጎድጓዳው ላይ ነው። ይሄን ያዙልኝ። ቦዩ ስምንተኛው ላይ ከተደፈነ ውሃው ጥሶ የሚሄደው እትዬ ደብሬ ቤት ነው። ሌላ መንገድ የለውም።

እንዳላማው ታዲያ ምን ያደርግ ነበር መሰላችሁ? ሲያርስ ወደ ቦዩ ውስጥ አንድ ትልም ይገፋል። በየዓመቱ አንድ ትልም ብቻ። አንድ ትልም ማን ያያል? ማንም አያይም። ግን በአስር ዓመት አስር ትልም ነው። ጥጃ የማይዘለው ቦይ ዶሮ የምትሻገረው ሆነ። የቦዩን መሬት ወደ ማሳው አስገባው፣ ጤፍ ዘራበት፣ ጤፉም አማረለት። "የእጄ በረከት ነው" ይላል ሰው ሲጠይቀው።

በዚያን ጊዜ የውሃ አባቱ አያ ቢተው ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው። ከሳር የተሠራ ትልቅ ገሳ ለብሰው፣ ዝናቡ በላያቸው ላይ እየፈሰሰ ነው የሚሄዱት። ስምንተኛው ጋ ደረሱ። ጡግ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ ነው!"

"ያሳልፋል?"

እንዳላማው ቦዩን አየ። እንደማያሳልፍ ያውቃል። "አያሳልፍም" ቢል ሰዎቹ ይመጣሉ፤ ሲመጡ ችቦ ያበራሉ፤ ሲያበሩ አስሩን ትልም ያያሉ።

"ያ... ያሳልፋል!"

"ድምፅህ ቀጠነ እንዳላማው። ብርድ ነው?" አሉት አያ ቢተው።

"ብርድ ነው አያ!"

"በል ግባና እሳት ሙቅ የኔ ልጅ።"

የኔ ልጅ አሉት፣ ሰማችሁ? ብለውት አለፉ።

አስራ ሁለተኛው ጋ ደረሱ። ቆሙ። ጆሯቸውን ወደ ቦዩ አደረጉ። ዝም ነው። ከላይ ያ ሁሉ ውሃ እየተንጎዳጎደ ከታች ቦዩ ደረቅ ነው። ገባቸው። አንዱ ዋሽቷል። ሽማግሌው ሽቅብ ተመለሱ። አስራ አንደኛውን ጠየቁ፣ አስረኛውን ጠየቁ። ዘጠነኛው ጋ እትዬ ደብሬ አካፋዋን ይዛ ቆማለች።

"አያ ቢተው፣ እኔ ጋ ጠብታም አልደረሰ!"

"እንግዲያው ካንቺ በላይ ነው ልጄ" ብለው ሄዱ።

ስምንተኛው ጋ ቆሙ። ጡግ።

"ይሄ የማን ነው?"

ዝም።

"ይሄ የማን ነው?"

ዝም።

እንዳላማው ቤቱ ገብቶ ነበር? አልገባም። ከሳቸው ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ከቁጥቋጦ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ አፉን በእጁ አፍኖ ነበር። "ከዚህ ራቁ አያ" ቢል በቂ ነበር። አንድ ቃል። አላለም።

"ይሄ የማ..."

ዷ!

ይቅርታ ሰፊ። ይቅርታ፣ አልጮህም። ግን እንደዚያ ነው ቦዩ የጣሰው። ዳሩ ተቀደደና ውሃው ሽማግሌውን ይዟቸው ሄደ። የእትዬ ደብሬን ጎተራ ወሰደ፣ ከደጇ ደርሶ ቆመ። አያ ቢተው በሦስተኛው ቀን ወንዝ አፍ ላይ ተገኙ። ዘንጋቸው ግን አልተገኘም።

ቦዩን የዘጋው ምንድን ነው? ማን ያውቃል፣ ውሃው ትልሙን ሁሉ ጠራርጎት ሄዷል። "ውሃ ነው፣ ውሃ ዘመድ የለውም" ተባለ። ተቀበሩ። በለቅሶው ቀን ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰ ማን ነው? እንዳላማው ነው። ደረቱን ደቃ፣ መሬት ላይ ተንከባለለ።

እትዬ ደብሬ ግን አየችው። ለቅሶው ሲበተን ጠብቃ ጠየቀችው።

"እንዳላማው፣ ያን ማታ አያ ቢተው ሦስቴ ሲጣሩ አልሰማህም?"

"ዝናቡ አደነቆረኝ እትዬ።"

"እኔንስ ለምን አላደነቆረኝም?"

ከላይ እስከ ታች አያት። "ዘንድሮ መሬትሽን ማን ሊያርስልሽ ነው እትዬ ደብሬ?"

የሚያርስላት እሱ ነበር። በሬ የላት፣ ባል የላት፣ ልጆቿ ገና ናቸው። ምን ትበል? ዝም አለች። እሷም ዝም አለች፣ ልብ በሉ።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና አዲስ የውሃ አባት መረጡ። ማንን? እንዳላማውን! "እንዲህ ያለቀሰላቸው ሰው ዘንጉን ይያዝላቸው" አሉ። "አይሆንም አባቶቼ፣ እኔ አልችልም" አለ፣ ላብ አጠመቀው። "አየህ ትሕትናውን!" አሉ። አዲስ የወይራ ዘንግ ቆርጠው አስያዙት።

ዓመቱ ዞረ። ግንቦት መጣ። ሁሉም ድርሻውን ጠረገ። እንዳላማውም ዶማውን ይዞ ወደ ስምንተኛው ሄደ። ደለል ሞልቶታል፣ ሳር ወርሶታል። ዶማውን አነሳ፣ መታ።

ጡግ።

እንጨት። ከደለሉ ሥር እንጨት አለ። ከዚያኛው ጎን ሄዶ መታ። ጡግ። ራቅ ብሎ መታ። ጡግ። የትም ቢመታ፣ ያ እንጨት ከሥሩ ቀድሞት ይጠብቀዋል። ዶማውን ጥሎ ሮጠ። በማግስቱ አልመጣም። በሳልስቱም አልመጣም። ሚስቱ አንጓች "ኧረ ሰውዬ፣ ድርሻችን ጫካ ሆነ" ስትለው "የውሃ አባትን ድርሻ ማን ይጠይቃል?" አላት።

እውነቱን ነው። ማን ይጠይቃል?

ሰኔ ገባ። ያ ማታ መጣ። አሁን መንገዱ ላይ ተመልሰናል፣ ሰዓቱ አንድ ተኩል ነው። ዝናቡ ይወርዳል። እንዳላማው ከላይ ተነሳ። የመጀመሪያው ድርሻ ጋ ድንጋዩን መታ። ጡግ።

ከማዶም ጡግ።

"ገደል ማሚቶ ነው" አለ በልቡ። ሜዳ ላይ ገደል ማሚቶ አለ እንዴ? የለም።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ ነው!"

"ያሳልፋል?"

"ያሳልፋል!"

ሦስተኛው ጋ ደረሰ። የሦስተኛው ባለቤት ቀልደኛ ነው። "የውሃ አባት፣ ሹመት መልካም ነው፤ አጃቢም አበጀህ?" አለው።

"የምን አጃቢ?"

"ያ ገሳ የለበሰው ነዋ። ከኋላህ አልነበረም?"

እንዳላማው ዞረ። ማንም የለም። መንገዱ ላይ ግን የእግር ኮቴ አለ፣ ጭቃው ውስጥ ሁለት ረድፍ። አንዱ የሱ ነው። ሌላውስ? ሌላው በውሃ ሞልቷል።

አምስተኛው ጋ ደረሰ። ጠየቀ፣ ተመለሰለት። ሊያልፍ ሲል ሰውየው ተቆጣ። "መለስኩልህ እኮ! ሁለት ሁለት ጊዜ የምትጠይቀኝ አታምነኝም እንዴ?"

"እኔ አንዴ ነው የጠየቅሁህ።"

"ኧረ ሁለቴ ነው! ሁለተኛውማ የታነቀ ሰው ድምፅ ነው፣ ጉንፋን ይዞሃል።"

እንዳላማው መሮጥ ፈለገ። ግን የውሃ አባት አይሮጥም። ቢመለስ ምን ይላል? ከኋላው ደግሞ ውሃው ከተራራው ሲነሳ ሰማ። ሁሁሁ ይላል። እናንተም ስሙት እስቲ። አይ፣ ያ የኛ ቆርቆሮ ነው።

ሰባተኛው ጋ ያሉት ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ጡግ። ጡግ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ ነው አያ ቢተው!" አሉ ሽማግሌው ሞቅ አድርገው።



"ምን ነካኝ" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። "ምን ነካኝ ልጄ። ድምፁ እኮ... ይቅር በለኝ።"

እንዳላማው "ያሳልፋል?" ማለቱን ረሳ። ሄደ።  ስምንተኛው የራሱ ነው፣ እዚያ የሚቆም ሰው የለም። ድንጋዩን አንዴ መትቼ ልለፍ አለ በልቡ።

ደረሰ። ሰው ቆሟል።

ጀርባውን ሰጥቶ ነው የቆመው። ገሳ ለብሷል። ከገሳው ውሃ ይንጠባጠባል፤ ዝናቡ ግን እሱ ላይ አይወርድም። ሰማችሁኝ? ዙሪያውን ዝናብ ነው፣ እሱ ላይ አይወርድም። ውሃው ከውስጡ ነው የሚወጣው።

ምን ያድርግ እንዳላማው? ዘጠነኛው ጋ እትዬ ደብሬ ቆማለች፣ ልጆቿ ከታች ቤት ውስጥ ተኝተዋል። ውሃው እየመጣ ነው። ሳይጠይቅ ማለፍ አይችልም፣ ወጉ ነው።  ጠየቀ።

"ይሄ... ይሄ የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

እንዴት ያለ ድምፅ መሰላችሁ? እንስራ ሲሞላ አፉ ላይ የሚያሰማው ድምፅ አለ አይደል? እንደዚያ።

"ያ... ያሳልፋል?"

ቀስ ብሎ ዞረ። ቀስ ብሎ። መጀመሪያ ትከሻው። ከዚያ ገሳው። ከዚያ... ፊት አልነበረውም እንዳልላችሁ ነበረው። ፊታቸው ነው። የአያ ቢተው ፊት። አልተቆጡም። እሱ ነው የባሰው፤ አልተቆጡም።

"እሱንማ አንተ ንገረኝ" አሉት። "አምና የነገርከኝ አንተ አይደለህ? ያሳልፋል?"

እንዳላማው አፉን ከፈተ።

"ድምፅህ ቀጠነ እንዳላማው። ዛሬም ብርድ ነው?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ንገሩኝ እስቲ። "አያሳልፍም" ነው አይደል? አንድ ቃል ነው፣ አስራ አንድ አካፋ ይመጣለታል። ሦስት ልጆች ይድናሉ። እሱም ይድናል። እዚህ ተቀምጦ መመለስ ቀላል ነው። ግን አስር ዓመት የለመደ አፍ ምን ይላል?

"ያሳል..." አለ።

እዚያ ላይ ቆመ። አላለቀም። እትዬ ደብሬ ናት የሰማችው፤ "ያሳል" ብሎ፣ እንደሚታነቅ ሰው "ግ... ግ..." ብሎ ዝም አለ። መብረቁ በራ። ቦዩ ዳር ገሳ የለበሰ ሰው ብቻውን ቆሞ አየች። እንዳላማው የለም።

ታዲያ እሷ ምን አደረገች? ዓመት ሙሉ ዝም ያለች ሴት ናት። በሬ የላትም። ነገ የሚያርስላት የለም። ግን ልጆቿ ከታች ናቸው። አካፋዋን ወደ ላይ አነሳችና ባላት ድምፅ ጮኸች።

"አያሳልፍም! ስምንተኛው አያሳልፍም! አምናም አላሳለፈም! ኑልኝ!"

መጡ። ከላይም ከታችም መጡ፣ በጭቃው እየተንሸራተቱ፣ እየወደቁ። ችቦው በዝናቡ ጠፋ። በጨለማ ገቡ። ማን ከማን አጠገብ እንደሆነ አይታይም። አንዱ ይቆፍራል፣ ጓሉን ለጎኑ ያቀብላል፣ ያኛው ወደ ዳር ይወረውራል። ውሃው ጉልበት ደረሰ፣ ወገብ ደረሰ። አልቆሙም። ከሁሉ በላይ፣ ውሃው የሚመጣበት ጫፍ ላይ፣ አንድ ሰው እንደ ሦስት ሰው ይቆፍራል። እትዬ ደብሬ ከሱ ቀጥሎ ነበረች። ጓል ሲያቀብላት እጁ እጇን ይነካታል። ይቀዘቅዛል። የዝናብ ቅዝቃዜ አይደለም።

ከዚያ ቦዩ ተከፈተ። ፏ ብሎ ወረደ። የእትዬ ደብሬ ቤት ጠብታ አልነካውም።

"ስንት ነን?" አሉ የሰባተኛው ሽማግሌ። ሰው እንዳይጎድል ነው። አንድ በአንድ ተቆጠሩ።

"አስራ ሁለት!"

"እንዳላማውን ጨምሮ አስራ ሁለት። ልክ ነው፣ ተመስገን። እንዳላማው የታለ?"

"ያውና ጫፉ ላይ።"

"እንዳላማው! በቃ፣ አለፈ እኮ! ና ውጣ!"

ጫፍ ላይ ያለው ሰው ቀና አለ።  ከውሃው ወጣ፣ በመሀላቸው አለፈ፣ የወሰኑን ድንጋይ አንዴ መታ። ጡግ። በቦዩ ዳር ቁልቁል ሄደ። ዝናቡ ላዩ ላይ አይወርድም ነበር።

ከቤት እሳት አመጡ። አበሩ። እንዳላማው ቦዩ ውስጥ ነው። ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ ደለሉ እስከ ደረቱ ይዞታል። ዓይኑ ተገልጧል። በሁለት እጁ ዘንግ ጨብጧል፣ የወይራውን ሳይሆን የድሮውን፣ የአያ ቢተውን ዘንግ። አፉ ክፍት ነው። አፉ ውስጥ ጥቁር ዋልካ ሞልቷል። በእጅ ተጠቅጥቆ፣ ተደልድሎ፣ ልክ ቦይ እንደሚደፈን።

በጣታቸው አወጡለት። ተነፈሰ። አልሞተም። ብዙ ዓመት ኖረ። ግን ቃል ከአፉ አልወጣም። በየሰኔው አዲሱ የውሃ አባት ስምንተኛው ጋ ሲደርስ የምትመልሰው አንጓች ናት፣ "የኔ ነው! ያሳልፋል!" ትላለች። ድርሻቸው ከሁሉ የጠራ ነበር። እሱ አጠገቧ ቆሞ አፉን ይከፍታል። የሚሰማው ግን ውሃ ታግዶ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ግ... ግ... ግ...

አሁን ሞቷል። ድሮ ነው አልኳችሁ። ግን እናቴ "የመጀመሪያው ዝናብ ማታ በቦይ ዳር ብቻሽን እንዳትሄጂ" ብላኛለች። ሁለት ናቸው አሁን። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ሊመልስ ይታገላል። እዚያ አገር ብቻ አይደለም ደግሞ። ያልተጠረገ ቦይ ባለበት ሁሉ ይመጣሉ፣ ሰውም ይጠይቃሉ። ሲጠይቋችሁ እውነቱን ተናገሩ። ዝምም አትበሉ።

አለቀ።

አይ፣ አላለቀም። አንድ ነገር ቀርቷል።

አከራያችን እትዬ የሻምበል ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ምን ብለው ጠየቁን? "ልጆች፣ ከጓሮ ያለው ቦይ ተጠርጓል?" አይደል ያሉት? ማን መለሰላቸው? እኔ ነኝ። "አዎ፣ ተጠርጓል" አልኳቸው። ዛሬ ተራው የማን ነበር? የኔ ነበር። ፈተና ነው ብዬ፣ ጭቃ ነው ብዬ... የድንች ልጣጩም የፌስታሉም መዓት እዚያው እንዳለ ነው። አልነካሁትም። ውሃው ከሞላ የሚሄደው የት ነው? ታች ቤት። ታች ቤት ማን አለ? ውዴ አለች። አራሷ። መሬት ላይ ነው ከልጁ ጋር የምትተኛው፣ ፍራሿን አይታችኋል።

ዘንድሮ ክፍል ውስጥ "አልገባኝም" ማለት ችያለሁ። ስልሳ ሰው ፊት። ይሄን ግን ለእትዬ የሻምበል ማለት አቃተኝ። ይሄው ከምሽቱ ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ ነው። ለዚህ ነው የነገርኳችሁ። ብቻዬን መውጣት ስለፈራሁ...

ቆይ።

ዝም በሉ። አስረበብ፣ ዝም በይ።

ጓሮ ነው። ሰማሽው? አይደለም፣ ቆርቆሮው አይደለም። ቆርቆሮ እንደዚያ አይልም። እንጨት ነው። ድንጋይ ላይ።

ይኸው ደገመው።

የኔ ነው! የኔ ነው፣ እኔ ነኝ! አያሳልፍም! አልጠረግሁትም፣ አያሳልፍም!

ተነሱ! ሻማውን አብሪው ሰፊ! አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርባችሁ፣ አካፋውን አቀብሉኝ። አብራችሁኝ ኑ። ሁላችሁም። እጄን ያዙኝ።